ሳልቀንሳት የቀረችው አንድ

የልጅ ልጄ የአማርኛ መምህርት ልትሆን ደሴ ኮሌጅ ገብታ ትማራለች። ባለፈው እሑድ ዓይኗ አብጦ መጣች። አልጀብራ ወድቃለች፤ እሱን ካላለፈች ደግሞ መመረቅ የለም። ቤቱ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። እናቷ፣ "ግጥምና ሰዋስው ለምታስተምር ልጅ ይኼ ምን ይፈይድላታል? ዝም ብሎ ልጅ ማስለቀስ ነው" አለች። አባቷ ደግሞ፣ "ኮሌጅ የገባ ሰው ኮሌጅ የጠየቀውን ይመልስ። ዛሬ ይኼን ተዉላት፣ ነገ ሌላውን ተዉላት፣ ምኑን ተማረችው?" አለ። ሲጨቃጨቁ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንግዲህ በዚህ ቤት ሳልጠየቅ የምፈርድ፣ ከተጠየቅሁማ ወጥ እስኪቀዘቅዝ የማወራ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልወጣኝም። "አሟታል እንዴ?" ተባባሉ።

አላመመኝም። አፍሬ ነው። ልጅቱ ፊት የማልናገረው ነገር ስላለ ነው ብዕር ያነሣሁት፤ ለወረቀት መናገር ይቀላል፣ ዓይን የለውም።

ጣሊያን ደሴ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ። ቤታችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ቁልቁለት ወገብ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ባሕረ ሐሳብ ማለት ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚገባ የሚያሳውቅ የቁጥር ትምህርት ነው። ፋሲካ እንደ ገና ቀኑ ተቆርጦ አይቀመጥም፤ በየዓመቱ ይሰላል። ያንን የሚያሰላ ሰው በየደብሩ አይገኝም፤ ቢገኝም እንደ አባቴ ያለ አይገኝም። ጦርነቱ ተማሪዎቻቸውን በትኖባቸው ሦስት አራት ብቻ ቀርተዋቸዋል። ዓይናቸውንም ሞራ ሸፍኖታል። ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው።

እኔን ያኔ ማንም ፊደል አላስቆጠረኝም፤ መጻፉን የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ሴት ልጅ ባሕረ ሐሳብ ተማረች ቢባል አገር የሚስቅ ነው። ግን መማሪያው ቦታ ከቤታችን ግድግዳ ጋር ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚያው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ ጥጥ እፈትላለሁ። እጄ እንዝርት ያሾራል፣ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው። አባቴ ተማሪዎቹን ሲጠይቁ እኔ ቀድሜ በሆዴ እመልሳለሁ። ተማሪው ሲሳሳት ከንፈሬን ነክሼ ዝም እላለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላኝ አባቴ የሚጠይቁትን ዓመት ሁሉ ጾም በጣቴ አንጓ ቆጥሬ አገኝ ነበር። ለማን ይነገራል? እንዲያው እንደ ተደበቀ ጌጥ በሆዴ ይዤው እዞራለሁ።

በዚያ ክረምት አንድ ዜመኛ ወደ አባቴ መጣ። ዕድሜው ሠላሳ የሚሆን፣ ቀጭን፣ ጋቢው ጫፉ የተተለተለ ሰው ነው። ድምፁን ግን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ማለዳ ቅኔ ማህሌት ቆሞ ሲያዜም፣ ከብቱን የሚነዳው እስላሙ ጎረቤታችን እንኳ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ መንገድ ዳር ይቆምለታል። "ሱብሐነላህ፣ ይኼስ ሰውዬ ሌላ ነው" ይላል። እናቴ ደግሞ ወጡን እስክታሳርር ትሰማዋለች።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ በመንገድ ሥራው ምክንያት ከየአገሩ ሰው ፈስሶበታል። እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ሞቶበት ባዶውን ነው። ሽማግሌዎቹ አባቴ ዘንድ መጡና፣ "የኔታ፣ ይኼን ዜመኛ ወደነዋል። እርስዎ 'በቅቷል' ካሉን እንወስደዋለን፤ ቤትም መሬትም አለው" አሉ። ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ቦሩ ሜዳ ዘመድ ቤት አስጠግቶ፣ እሱ በየደብሩ እየዞረ ነው የሚያድረው። መሪጌታ ሆነ ማለት ልጆቹን ሰበሰበ ማለት ነው።

አባቴ ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ዜመኛውን ጠሩት። እኔ ግድግዳዬ ሥር ነኝ።

"ዜማህ ሞልቷል" አሉት። "ባሕረ ሐሳብህስ?"

"እሱን ይማሩኝ፣ የኔታ። ቁጥር እኔን ሲያይ ቁልቁለቱን ነው የሚሮጠው።"

"ተከትለህ ውረዳ።"

ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቁም።

"የኔታ፣ እኔ የምዘምር ሰው ነኝ። በዓሉ መቼ እንደሚውል የሚያሰላ ሌላ ሰው አይጠፋም። 'ዛሬ ነው' ይበለኝ እንጂ እንደ እኔ አድርጎ የሚያከብረው የለም።"

"የሚነግርህ ሰው የጠፋ ዕለትስ? መሪ ልትሆን ነው እኮ። ሕዝቡ ጹም ስትለው ይጾማል፣ ብላ ስትለው ይበላል።"

"እና ዘመኑን በዐሥራ ዘጠኝ እየከፈልኩ መግደፍ ካላወቅሁ መላእክት ዜማዬን አይቀበሉትም?"

"መላእክቱን እንጃ። እኔ አልቀበልህም።"

አላስቻለኝም። "አባባ፣ ይኼን የመሰለ ድምፅ በቁጥር ይታሰራል?" አልኩ።

"አንቺ ጥጥሽን ፍተይ" አሉኝ።

በማግሥቱ ዜመኛው ከቤታችን ጀርባ ጠጠር ደርድሮ ሲታገል አገኘሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጠጠሩን ይቆጥራል፣ ይበትነዋል፣ እንደገና ይቆጥራል። ውሃ ልቀዳ ሳልፍ መልሱን በአፌ ጣል አደረግሁለት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ማን ነው ያስተማረሽ?"

"ግድግዳው።"

"እንግዲያ እኔንም አስተምሪኝ። ከሥሩ ጀምሪልኝ፤ እንዳታፍሪብኝ።"

እውነቱን ልናገርና፣ ጀመርኩለት። ሁለት ቀን ያህል ከምንጩ በላይ ካለው ዋርካ ሥር እየተቀመጥን አስተማርኩት። የዓለምን ዕድሜ ትይዛለህ፤ በዐሥራ ዘጠኝ እየገደፍክ ቀሪውን ታገኛለህ፤ ከቀሪው ላይ አንዱን ለዘመን ትቀንሳለህ፤ የቀረው የዓመቱ ወንበር ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ከወንበሩ ይወጣል። አባቴ ለተማሪ እንደሚሉት እንዲህ እያልኩ ስወርድ እሱ እዚያው "አንዱን ለዘመን ቀንስ" ያልኩት ላይ ቆመ።

"ለምንድን ነው የምንቀንሰው?" አለኝ።

"እንዲህ ስለሚባል ነዋ።"

"ማለቴ አንዷ ምን አድርጋ ነው የምትወጣው?"

አላውቅም ነበር። አባቴ ይህን የሚናገሩት ለጀማሪ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ ማዳመጥ የጀመርኩት ከመካከል ነው። "አላውቅም፣ አባባን ጠይቃቸው" ብል ምን ነበረበት? ግን ከግድግዳ ሥር የተማረች ሴት ልጅ፣ አንድ ሠላሳ ዓመት የሞላው ደብተራ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ "አስተምሪኝ" ሲላት፣ "አላውቅም" ማለት አቃታት። ተቆጣሁት። "እርስዎ ነገር ያበዛሉ! በዚህ አያያዝዎ ለከርሞ ፋሲካም አይደርሱ" አልኩት። ፊቱ ወደቀ። ያኔ ነው ያንን ያልኩት፦

"ለምን ይለፋሉ? ፈተናው ላይ እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። አባባ አያዩም። በጣቴ አሳይዎታለሁ።"

መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ። "የኔታን?" አለ። እኔ ለመንኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ የለመንኩት። ልጆቹን አነሣሁበት፣ ኮምቦልቻን አነሣሁበት። እውነተኛው ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። ያ ከቁጥር በስተቀር ምንም የማይጎድለው ሰው፣ የጎደለውን ከእኔ ብቻ እንዲያገኘው ፈልጌ ነው። ካወቀው እኔ ምኑ ነኝ?

ፈተናው በፍልሰታ ሱባኤ ማብቂያ ላይ ሆነ። አባቴ መደባቸው ላይ፣ እሱ ፊት ለፊታቸው፣ እኔ ግድግዳዬ ሥር። አምና የነነዌ ጾም መቼ ዋለ? ሃቻምናስ? ከአምስት ዓመት በፊትስ? አንድ እጄ እንዝርት ይዟል፤ በሌላው አውራ ጣቴን በአንጓዎቹ ላይ አሳርፋለሁ፤ እሱ ቀድመን እንደተስማማነው ወሩንና ቀኑን ከአንጓዬ ያነባል፣ ይመልሳል። ቀስ እያለ ነበር የሚመልሰው፣ የሚያስብ እየመሰለ። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ግን አንጓ መቁጠር እሷም አታውቅም።

አባቴ ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው ጭንቅላቱን ፈለጉና ባረኩት። "ዛሬ ደስ አለኝ" አሉ። "ቁጥርን የሚፈራ ሰው ፍርሃቱን ሲያሸንፍ ደስ ይላል።" እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ ጥጤን ፈተልኩ። ያን ዕለት ትንሽ እንኳ አላፈርኩም፤ እንዲያውም ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር።

በሳምንቱ ከኩታበር መልእክት መጣ፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ታሟል። አባቴ ለኮምቦልቻ ሽማግሌዎች፣ "እስክመለስ የእኛን ደብር ይጠብቅልኝ፤ ስመለስ በእጄ አስረክባችኋለሁ" ብለው፣ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው በበቅሎ ሄዱ። ለመስቀል እመለሳለሁ ያሉት ሰው፣ ወንድማቸውን ቀብረው እሳቸውም እዚያው ታመው እስከ ጥር ቀሩ።

በዘመን መለወጫ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የዓመቱ ጾምና በዓል ለሕዝቡ ይታወጃል። በአባቴ ምትክ የሚቆመው ዜመኛው ነው። በዋዜማው ምንጩ ጋ መጣና፣ "በይ እንግዲህ፣ ዘንድሮ መቼ ነው?" አለኝ።

እንስራዬን አስቀምጬ ቆጠርኩ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ነው። በዓለም ዕድሜ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ። በዐሥራ ዘጠኝ ገደፍኩት፤ አንድ ቀረኝ። አንዷን ለዘመን ስቀንስ ምንም አልቀረም። ቆምኩ። እንደገና ቆጠርኩ። አሁንም ምንም። ወንበር የሌለው ዓመት አለ እንዴ? አባቴ "አልቦ"፣ ባዶ ማለት ነው፣ ሲሉ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ኋላ እንደ ገባኝ ወንበሩ አልቦ የሚሆነው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ ነው፤ ያለፈው ጊዜ እኔ ገና አልተወለድኩም።

"ምነው፣ ስንት ሆነ?" አለኝ።

ፈራሁ። ባዶውን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ? እንግዲያ እንዲህ ሲሆን አይቀነስም ማለት ነው ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። አንዷን ተውኳት። አንዷን ይዤ ስወርድ ሁሉም ነገር ሰተት ብሎ መጣልኝ፤ ሳይስማማ የቀረ ቁጥር የለም። "የነነዌ ጾም ጥር ሃያ ሦስት ሰኞ ይገባል" አልኩት፤ ዐቢይ ጾሙንም፣ ፋሲካውንም ነገርኩት። በማግሥቱ በዚያ ድምፁ አወጀው። ሊያዩት የመጡት የኮምቦልቻ ሽማግሌዎች ራሳቸውን በደስታ እየነቀነቁ ቀኑን ይዘው ወደ ደብራቸው ወረዱ።

ታኅሣሥ ላይ ለቅሶ ቤት አንድ የሌላ ደብር ቄስ፣ "ነነዌ የካቲት ላይ ነው፤ የእናንተ ሰዎች ምን ነካቸው?" ብለው ኖሮ፣ ዜመኛው ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

"እስቲ እንደገና እዪልኝ" አለኝ። "ካልሆነ ደሴ ወጥቼ አንዱን መምህር ልጠይቅ።"

ይህች ናት እስከ ዛሬ የምታቃጥለኝ። ደሴ ቢወጣ ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም ነበር። በውስጤም ያቺ አንድ እንደ እሾህ ትወጋኝ ነበር። ግን ደሴ ወጥቶ ከጠየቀ ሌላ ሰው ያውቃል ማለት ነው፤ እኔም ተሳስቼ ሊሆን ነው። "እነሱ ናቸው የተሳሳቱት" አልኩት። "አባባ የእኔን ነው የሚሉት።" አመነኝ። "አንቺ ካልሽ" ብሎ ሄደ።

ጥር ሃያ ሦስት ደረሰ። ቄሶቹ ጾሙን አስገቡ፤ አሮጊት ሽማግሌው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ሊውል ነው። ሰኞ ስለሆነ እኔ የፈተልኩትን ድውር ይዤ ከእስላሟ ጎረቤታችን ጋር ደሴ ሰኞ ገበያ ወጣሁ። አክስቴ ነው የምላት። እሷ በርበሬ ተሸክማለች፣ መንገዱን ሁሉ ታስቀኛለች።

ገበያው መሃል ደርሰን ድውሬን ሳወጣ፣ አጠገባችን አንዲት ቅቤ የምትገዛ ሴት ቁጭ አለች። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። ቅቤውን በጣቷ ነክታ ላሰችው፣ ምላሷን አጣጣመች፣ እንደገና ላሰች። ዓይኔን ተከልኩባት።

"ምነው ልጄ፣ ቅቤ አይተሽ አታውቂም?" አለችኝ።

"ነነዌ አይደለም እንዴ?"

"የማን ነነዌ?" አለችና ወደ ባለቅቤዋ ዞረች። "ስሚያትማ! ነነዌ ገብቷል ትለኛለች። ነነዌ የካቲት ሰባት ነው የኔ እመቤት፤ ገና ሁለት ሳምንት ቅቤ እልሳለሁ።"

በዙሪያው ያሉት ሴቶች ሳቁ። አንዷማ፣ "ከየት አገር ነው የመጣሽው? እዚያ ደግሞ ፋሲካ አልፏል?" አለችኝ። አክስቴ እኔን ደግፋ ተነሣች።

"ኧረ ተዉአት! ወላሂ እኛ ጨረቃ አየን አላየን እያልን እንጣላለን፤ እናንተ ደግሞ ቆጥራችሁም ትጣላላችሁ? ቁጥር ምን ይለወጣል?"

ቁጥር ምን ይለወጣል። ድውሬን ዋጋ ሳልከራከር ለመጀመሪያው ገዢ ሰጥቼ ተነሣሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ አክስቴ፣ "ታመምሽ?" ትለኛለች፤ "ጾሙ ነው" እላታለሁ። ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በረሃብ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ አለፍኩ። "እማማ፣ ጾሙ ዛሬ አይደለም፣ ይብሉ" ብዬ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ለእሱም እንኳ።

ማክሰኞ ከሰዓት አባቴ መጡ። ከበቅሎ ወርደው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ገብተው መደባቸው ላይ ተቀመጡና እናቴን፣ "እርጎ ካለሽ ስጪኝ፣ መንገዱ አድርቆኛል" አሏት።

"ምን ነካዎት?" አለች እናቴ። "በነነዌ?"

አባቴ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ፤ አውራ ጣታቸው በአንጓዎቻቸው ላይ ወረደ፣ ወጣ፣ ቆመ። "ማን ነው ያወጀላችሁ?" አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ደጀ ሰላሙ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከኮምቦልቻም ሁለት ሽማግሌዎች መጥተዋል፤ የእነሱ ደብር ሁለት ቀን ጾሞ ሦስተኛውን ይዟል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜያለሁ። አባቴ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

"ትርፍ ጾም ማንንም አይጎዳም" አሉ። "ግን በዚሁ ሄዳችሁ ቢሆን ፋሲካን ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ትፈስኩ ነበር። አገር በሕማማት ሲሰግድ እናንተ ሥጋ ልትበሉ ነበር።" ከዚያ ዜመኛው ወደቆመበት ዞሩ። "የዘንድሮን ወንበር ስንት አልከው?"

"አንድ፣ የኔታ።"

"አንዱን ለዘመን ቀንሰህ?"

ጠጠሩን የሚፈልግ ይመስል መሬት መሬቱን አየ።

"ለምን ነበር የምንቀንሰው?" አሉ አባቴ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት ለስለስ ብለው። "የያዝነው ዓመት ገና ስላላለቀ ነው። ያላለቀ ዓመት እንዳለቀ አይቆጠርም። ቀንሰህ ምንም ካልቀረህ ወንበሩ አልቦ ነው፤ አልቦ ማለት ደግሞ መልስ ነው፣ አያስፈራም። ይኼን እንዴት አጣኸው? እስቲ አምናን አስላልኝ። በፈተናው የመለስክልኝን።"

ጣቱን አነሣ። አንጓውን ነካ። ዓይኑን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ወደ እኔ አደረገ። ሊያጋልጠኝ አልነበረም፤ ድሮ ከለመደበት ቦታ መልስ ፍለጋ ነው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።

"አላውቀውም፣ የኔታ" አለ።

"ያኔስ ማን ነገረህ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ ያጭበረበርኩት።"

ከኮምቦልቻ ሽማግሌዎች አንደኛው መሬት ላይ ተፋ። "ሆዳችንን ሁለት ቀን ያስራበን ይኼ ነው? ድምፁን ይዞ ይሂድ!" አለ። ሌላው ሳቀ፤ ሰውም ተከትሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም፣ ግን አልተከላከሉለትም። "ኮምቦልቻን እርሳ" አሉት። በዚያው ዕለት ጋቢውን ደርቦ መቋሚያውን ይዞ ወጣ። በእኛ ደጃፍ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ደህና ሁኚ" አለኝ። እኔ አልመለስኩለትም፤ እናቴ ቆማ ነበርና።

እንግዲህ የልጅ ልጄ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚያቃጥለኝ። ዜመኛ ባሕረ ሐሳብ ይጠየቅ አይጠየቅ፣ ያኔም አላወቅሁም ዛሬም አላውቅም። አባቴ ቢተዉለት ኖሮ ሌላ ሰው ያሰላለት፣ እሱ ይዘምር ነበር፤ ምንም አይጎድልም። ከሥሩ ቢያስተምሩት ኖሮም በጊዜው ያውቀው ነበር፤ ደደብ አልነበረም፤ የጠየቀው ጥያቄ ከሁላችንም ጥያቄ የሚበልጥ ነበር። ሁለቱም ሐቀኛ መንገድ ነው። እኔ ሦስተኛ መንገድ አወጣሁለት፤ ሳያውቅ ያወቀ አስመሰልኩት፣ ከዚያ ሲወድቅ ቆሜ አየሁት።

በሳምንቱ አባቴ ብቻችንን ስንሆን፣ "እንዝርትሽን አስቀምጪ" አሉኝ። አስቀመጥኩ።

"ወንበሩ አልቦ ሲሆን መጥቅዑ ስንት ነው?"

መጥቅዕ ከወንበሩ ቀጥሎ የሚወጣው ቁጥር ነው። ያን ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ከረቡዕ ጀምሮ ሌት ተቀን ሳሰላው ነው የከረምኩት። ሠላሳ ነው። አባቴ ዓይናቸው ባያይም ፊታቸውን በደንብ ወደ እኔ አድርገዋል፤ ቁጣ የለባቸውም። እንዲያውም፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ተስፋ የሚያደርጉ ይመስላሉ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ያቺን ቃል ብናገር ያ ሰው ነፃ ይወጣል፤ እኔም ምናልባት እውነተኛ ተማሪ እሆን ነበር።

"እኔ ምን አውቄ፣ አባባ" አልኩ።

ፊታቸውን ከእኔ መለሱ። "እሺ፣ ፍተይ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስተማሪያቸውን ከግድግዳው ሥር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አዛወሩት። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ ከእናቴ ጋር ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። በመንገዱ ዳር ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች ተደርድረው መዶሻ ያነሣሉ ይጥላሉ፤ ካሚዮን ሲያልፍ አቧራው ይሸፍናቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቀና አለ። ጸጉሩ በአቧራ ነጭ ሆኗል። እሱ ነው። እናቴ ጨው እየመረጠች ስለነበር ብቻዬን ቀረብኩት።

"አደግሽ" አለኝ፤ ፈገግ አለ።

"ልጆችዎስ?" አልኩት።

"ደህና ናቸው፤ ቦሩ ሜዳ ናቸው። በየበዓሉ አያቸዋለሁ።"

"ዜማውስ?"

"አቧራው ጉሮሮ አይወድም።" መዶሻውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። መሪጌታ መጥቶላቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። ከላስታ አንድ ሰው እንዳመጡ ነገረኝ፤ ቁጥር አዋቂ ነው፣ ድምፁ ግን እንደ በር ሲጢጥ ይላል አለና ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

"ዛሬውኑ ለአባባ እነግራቸዋለሁ" አልኩት። "እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። በሰው ፊትም እላለሁ።" የምናገረው እውነት ነበር፣ በዚያች ሰዓት እውነት ነበር።

ወደ ኮምቦልቻው ቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየ፤ ከዚያ ወደ ድንጋዩ።

"ቦታው ተይዟል" አለ። "አሁን ብትነግሪያቸው የኔታ ያዝናሉ እንጂ ለእኔ ምን ይመጣልኛል? ተይው፣ እህቴ። ልጅ ነበርሽ።"

ልለምነው ይገባኝ ነበር። "አይሆንም፣ ይምጡ አብረን እንሂድ" ማለት ይገባኝ ነበር። አባቴ በሕይወት አሉ፣ ቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እኔ ግን "ተይው" ያለኝን ስሰማ፣ ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር ብድግ ብሎ ሲሄድ ተሰማኝ። እፎይ አልኩ። በአፌም ጭምር ወጣ፣ "እፎይ" ብዬ ተነፈስኩ፤ ሰማኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ እዚያው ደረቀ። ጎንበስ አለና መዶሻውን አነሣ።